በከረጢት የቀረ እፍኝ፦ የአቶ አንሙት ዘመነ የሕይወት ታሪክ

አቶ አንሙት ዘመነ ከአባታቸው ከአቶ ዘመነ አካለ ወልድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኪዳን ዓባይ፣ ከአምበር ብዙም በማይርቅ የገጠር መንደር፣ ሐምሌ 5 ቀን 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ከመሪጌታ ዘንድ ገብተው ዳዊት ደግመዋል። እንደ ማንኛውም የቆሎ ተማሪ ጠዋት ጠዋት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ ለምነው አምስት ዓመት ተማሩ። በኋላም በዘመናዊ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ዘልቀዋል።

በ1974 ዓ.ም. ሉማሜ በሚገኝ የናፍጣ ወፍጮ ቤት ተቀጥረው የወፍጮ ድንጋይ መውቀር ተማሩ። በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ አይናዲስ ደምለው ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። በ1988 ዓ.ም. አምበር ላይ የራሳቸውን ወፍጮ ተከሉ። ዱቄቱ ሲወርድ እጃቸውን ከሥር ዘርግተው ሙቀቱን ያያሉ፤ ከጋለ ድንጋዩን ያላሉታል። ሴቶች እህላቸውን ትተውላቸው ገበያ ይውሉ ነበር። ወረፋ ለቄስም ለዘመድም አያፈርሱም ነበርና በዚህ የተቀየሟቸው ሰዎች ዛሬም እዚህ ሳይኖሩ አይቀሩም።

በ2010 ዓ.ም. የወፍጮው ዘንግ ተሰበረና ሌላ ወፍጮ መግዛት ግድ ሆነ። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ትማር የነበረችው የመጨረሻ ልጃቸው ዜማ ደብረ ማርቆስ ይዛቸው ሄደች። ያሳየቻቸው ከውጭ የመጣ አዲስ ወፍጮ ሲሆን ብናኙን እየሳበ የሚያጠራቅም ከረጢት ነበረው። ሻጩ አንድ ቁና ጤፍ ፈጭቶ አሳያቸው፤ ቤቱ ውስጥ ብናኝ የሚባል አልታየም። አቶ አንሙት ከረጢቱ እንዲፈታላቸው ጠየቁ። እጃቸውን አግብተው አንድ እፍኝ ዱቄት አወጡ፤ አይተው መለሱት። ወፍጮውንም ሳይገዙ ወደ አምበር ተመለሱ።

በሳምንቱ ብቻቸውን ደጀን ሄደው፣ ባለቤቱ ሥራ የተወበትን አሮጌ ወፍጮ ጭነው መጡ። ከረጢት የለውም።

ዜማ ለዕረፍት ስትመጣ ይህን አየች። «አባየ፣ አዲሱ እያለ የሰው ትራፊ?» አለቻቸው።

«የዚህን ድምፅ አውቀዋለሁ» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ግትርነት ነው ብላ ለሰሚው ሁሉ ተናገረች፤ ያን ዓመት ፋሲካንም ሳትመጣ ቀረች። ለምን እንደሆነ ግን ደግማ አልጠየቀቻቸውም።

ሳል የጀመራቸው በ2013 ዓ.ም. ነው። ዜማ የላከችላቸውን የአፍ መሸፈኛ፣ አስፈጪዎቹ የምናገረው አይሰማቸውም ብለው ምስማር ላይ ሰቀሉት። አንዲት አስፈጪ «አንሙት፣ እንዲህ ነጭ ሆነህ ገብተህ አይናዲስ በምን ትለይሃለች?» ብትላቸው «በሳሌ» አሏት። ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

በ2016 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። ሐኪሞች ሳንባቸውን የጎዳው ለዓመታት የሳቡት የዱቄት ብናኝ መሆኑን ነገሯቸው። ባለ ከረጢቱን ወፍጮ ለምን እንደተዉት ዜማ የዚያን ቀን ነው የጠየቀቻቸው።

«ከረጢቱ ውስጥ የቀረው የማን ነው?» አሏት። «ከእያንዳንዷ ሴት እፍኝ እያስቀረሁ ምን ብዬ እቆርባለሁ?»

«ለቆሎ ተማሪዎች ይሰጣላ፣ አባየ» አለቻቸው።

አቶ አንሙት በልጅነታቸው ያንኑ እፍኝ በየደጁ የለመኑ ሰው ናቸው። «እኔ እንዴት አልታየኝም?» አሉ።

እውነቱ ይህ ነው፦ በአሮጌው ወፍጮም ያው እፍኝ ከየሴቲቱ ይጎድል ነበር። በከረጢት ፈንታ የገባው እሳቸው ሳንባ ውስጥ ነው። ችግሩ አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ብቻ ነበር የፈለገው፤ ሁለቱ የተገናኙት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

መስከረም 2018 ዓ.ም. ቤተሰቡ ባለ ከረጢቱን ወፍጮ ተከለ። አቶ አንሙት ደጅ ላይ ወንበር ወጥቶላቸው ተቀመጡ። ሴቶቹ ልብሳቸው ሳይነጣ ሲወጡ እየቆጠሩ እስኪደክማቸው ተመለከቱ። የመጀመሪያው ከረጢት ሲፈታ ለአብነት ተማሪዎች እንዲወሰድ አዘዙ፤ እስከ ዛሬም በየቅዳሜው ይወሰዳል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አይናዲስ፣ ልጆቻቸው ምስጋናው፣ መቅዲ እና ዜማ፣ እንዲሁም አራት የልጅ ልጆች ከኋላቸው ቀርተዋል።

በቀብራቸው ዕለት እንዲነበብ የተናዘዙት ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «እኔ ዘንድ ያስፈጫችሁ፣ ስለ ጎደላችሁ እፍኝ ይቅር በሉኝ።» ቤተሰቡ ደግሞ ቀድሞ ስላልጠየቃቸው እሳቸውን ይቅርታ ይጠይቃል።

የማንንም እፍኝ ለራሳቸው ያላስቀሩትን የአቶ አንሙትን ነፍስ እግዚአብሔር ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ በዚያ አየሩ ንጹሕ ይሁንላቸው። አሜን።