ባየህ የሚያረባቸው ቢምቢዎች

ልጄ ባየህ፣ በሰው አገር መንገድህን እመብርሃን ታቅናልህ። እኛ አለን። ሩዙ ዘንድሮ አምሯል፤ ውሃው ግን ከማሳው አልጎደለም፣ ቢምቢውም እንደዚያው። ወባ የነጠቀችኝ የእህትህ የጽጌሬዳ ቀሚስ አሁንም ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ሆዷ ውስጥ ወባን የሚገታ የተፈጥሮ ባክቴሪያ ያላት ቢምቢ ወባ አታስተላልፍም፣ እያረባን ወረታም ልንለቃቸው ነውና ሰው አሳምኚልኝ ብለኸኝ ነበር። ለጎረቤቶቻችን ነገርኋቸው። ሰገን፣ «የፎገራ ሰው ከብት ያረባል እንጂ ቢምቢ ያረባል? ያውም እህቱን የገደለችበትን!» አለችኝ። ሰዉ ሳቀ።

አንተን አምናለሁ፤ ከማላውቀው ሰው እጅ ግን አልቀበልም። የመጀመሪያዎቹን ራስህ ይዘሃቸው ና፣ ከደጄ ላይ ልቀቃቸው። ለእህትህ ቀብር አሠሪዎቼ ፈቃድ ከለከሉኝ ብለህ ነበር፤ ለቢምቢዎቹ አይከለክሉህም። ክፉ አይንካህ፣ ልጄ።

እናትህ