የሙሉቀን ሙሾ ሰርግ ቤት ገባ

ሰኞ፣ ጥር 19፣ ብቸና

ፀሐይ፤ ከሰዓት በኋላ አቧራ ያስነሣ ነፋስ። ቤት ያለነው እኔና ታናሽ ወንድሜ ጌታሁን። ትናንት ሞጣ ሰርግ ላይ መሰንቆ ሊመታ ሄዶ ነበር። ዛሬ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ፣ “እታለም፣ የአልበምሽ ሰባተኛው ዘፈን ጉድ አፈላ” አለኝ። የተወደደልኝ መስሎኝ ሳቅኩ።

በስፒከር ሲለቁት ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ ጨፈረ። እትዬ የሻረግ ግን የቀረበላቸውን ምግብ ትተው ወጡ።

ሰባተኛውስ ዘፈን አይደለም። የዛሬ ስድስት ዓመት በልጃቸው በሙሉቀን ልቅሶ ላይ ያወረድኩት ሙሾ ነው።

ጥቁር በሬዎችህ ከደጅህ ቆመዋል፣
ሙሉቀን ተነሣ፣ አንተን ጠብቀዋል።

ስቀዳው ቀስ አድርጌ ነበር። ባለ ስቱዲዮው በኪቦርድ ከበሮ አጣደፈው። “ለሰርግ ይሆናል” አለ። አልከለከልኩትም። ስሙን እንኳ አላስወጣሁም። እናቱንም አላስፈቀድኩም።

አልበሙ ከወጣ ሦስት ሳምንቱ። በየሱቁ ሲከፈት እየሰማሁ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ልብስ ሰፊው ሲከፍተው በሌላ መንገድ ዞርኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ለእትዬ የሻረግ የምላቸውን በወረቀት ጻፍኩ። ፊደል የለየሁት ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፤ ለዚህ የሚሆን ቃል ግን አላገኘሁበትም። ሦስቴ ቀደድኩ።

ጌታሁን “ሽማግሌ እንላክ” ይላል። የበደልኩት እኔ፣ የምሄደውም እኔ። መሰንቆውን አንጠልጥሎ ተከተለኝ።

ሚኒባሷ ጉንደ ወይን ላይ ጎማ እስክትቀይር ቆመን ሳለ፣ አንዱ ተሳፋሪ ያንኑ ዘፈን በስልኩ ከፈተ። አንገቴን ደፋሁ። ሞጣ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ጌታሁን ወዳጁ ዘንድ አሳደረን።

ረቡዕ፣ ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም፣ ሞጣ

ደመና። ቅዳሴ እስኪወጣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቅኳቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙ።

“ዘፋኟ መጣች! ልጄን ሰርግ ለሰርግ ታዞሪው ጀመር?”

“አጥፍቻለሁ እትዬ። ሳልጠይቅዎ ነው ያደረግኩት።”

“ደጄ ጠፍቶሽ ነው?”

ይህን ብለው መንገድ ጀመሩ። ከኋላ ተከተልናቸው። ቤት ስንገባ፣ “በሉ ቁጭ በሉ” አሉ። “እንደዚያን ቀን በይልኝ። ያ ድብደባ ሳይኖርበት።”

ጌታሁን መሰንቆውን ቃኘ። አልኩት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙ።

ስጨርስ፣ “ሁለቱም ጥቁር አልነበሩም” አሉ። “አንዱ ቀይ ነው። ሙሉቀን ቢሰማሽ ይስቅብሽ ነበር።”

ሳቁ፤ ከዚያ አለቀሱ። እኔም።

“ስሙ እንዲጠራማ እፈልጋለሁ” አሉኝ። “አይጨፈርበት ነው የምልሽ። ለሰርግ ሌላ አውጪ።”

እዚያው አሳደሩን። እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው።

ሐሙስ፣ ጥር 22

አንድ ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ለባለ ስቱዲዮው ደወልኩ።

“ሰባተኛውን ከአልበሙ አውጣው” አልኩት።

“እንዴ! ሰው የወደደው እሱን እኮ ነው!”

“አውጣው።”

“በየሰዉ ስልክ የገባውንስ ማን ያወጣዋል?”

“አንተ ያንተን አውጣ” ብዬ ዘጋሁ።

ሙሾውን ያለ ከበሮ ልቀዳ ስልኬን በርጩማ ላይ አቁሜ መቅጃውን ከፈትኩ። ጌታሁን መታ። “ጥቁሩና ቀዩ ከደጅህ ቆመዋል” አልኩ። ሁለተኛውን ስንኝ ልጀምር አፌን ስከፍት፣ እትዬ የሻረግ ቀድመው “ሙሉቀን ተነሣ” አሉ።