ገና በማለዳ ስለሚቀላው ወተት

ለተከበሩ ብዋና ሼኩንዴ
የወተት አቅራቢዎች ማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ
ሉሾቶ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ አዲሱ ኮምፒውተርዎ ደኅና ናቸው? እኛ ከነላሞቻችን ደኅና ነን፤ ቀይ ከመሆናችን በቀር።

በቅድሚያ የወተት መረከቢያ መዝገባችንን ወደ ኮምፒውተር ዳታቤዝ ስላስገቡልን ከልብ እናመሰግናለን። ድሮ ማን እንዳረፈደ ለማወቅ ቀና ብለን ፀሐይን እናይ ነበር። ዛሬ ፀሐይ የፈለገችውን ብትል፣ ኮምፒውተሩ የአርፋጁን መስመር ቀይ ቀብቶ ይነግረናል። እንግዲህ ለዚህ ውለታ ምላሽ እንዲሆን ጥቂት ጥቃቅን ቅሬታዎች አሉን።

አንደኛ፤ ከታንጋ ያስመጡት ባለሙያ «የመድረሻ ሰዓት ከ9፡00 ካለፈ መስመሩ ይቅላ» የሚል የቀለም ደንብ ጽፎ ነበር። እርስዎም ከጀርባው ቆመው አንብበው፣ «በዘጠኝ ሰዓት የመጣ ወተትማ እርጎ ሆኗል! ከሦስት ሰዓት በኋላ አንቀበልም አላልኩህም?» ብለው በገዛ ጣትዎ ዘጠኙን አጥፍተው ሦስት እንዳደረጉት፣ በር ላይ ተሰልፈን የነበርን ሁሉ እናስታውሳለን። ሰውዬው «ብዋና፣ ኮምፒውተሩ እኮ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ የእኛን ሦስት ሰዓት እሱ ዘጠኝ ይለዋል» ቢልዎት፣ «ወንድሜ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰዓት ልታስቆጥረኝ ነው?» አሉት። ሻንጣውን አንስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተርዎ ወተት መድረስ ያለበት አገር ምድሩ በተኛበት ሰዓት እንደሆነ በቅንነት ያምናል።

ሁለተኛ፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በአንዲት ላም የምትኖረው ጎረቤቴ ቢ ምዋጁማ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ቁልቁለቱን ወርዳ በአንድ ሰዓት ትደርሳለች። ኮምፒውተሩ ሰባት ሰዓት ይመዘግብላትና መስመሯ ይቀላል።

«ማማ፣ ዛሬም አርፍደዋል ይላል» ትላታለች ጸሐፊዋ አንገቷን ደፍታ።

«ልጄ፣ በሩን የከፈትሽው እኮ እኔ አንኳኩቼ ነው።»

«አውቃለሁ ማማ። ግን ቀይ ነው።»

ወተቷን ተሸክማ ትመለሳለች። አሁን ደግሞ ቀይ የበዛበት አባል በቅዳሜው ስብሰባ እንደሚሰረዝ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ከሁላችን አንድም ቀን ሳትቀር የምትመጣው እርሷ ስለሆነች፣ ቀይ የበዛባትም እርሷ ናት። ትጋት እንዲህ ሲታወቅ ማየት ደስ ይላል።

ሦስተኛ፤ የባለቤትዎ ወንድም ብዋና ካኒኪ ምርጥ አቅራቢ ተብለው ፎቶአቸው ግድግዳ ላይ በመሰቀሉ እንኳን ደስ አለዎት። የእርሳቸው ወተት በጓሮ በር ስለሚገባ ሰዓቱን የሚሞላላቸው የለም። ባዶ የሰዓት ሳጥን ደግሞ ከሦስት አይበልጥም፣ ከሦስት አያንስም፤ ደንቡ አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ ከመላው ማኅበር ነጭ ሆነው የቀሩት እርሳቸው ብቻ ናቸው። አንዳንድ ምቀኞች ወተቱስ መጥቶ ያውቃል ወይ እያሉ ያማሉ። እኔ አላማም፤ ነጭ ነገር በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወተቱን ባላይም።

ልመናችን አጭር ነው። ያቺን ሦስት አጥፍተው ዘጠኝዋን ይመልሱልን። ሰዓቱ ባዶ ለሆነ መስመርም የራሱ ቀለም ይኑረው። ቅዳሜ በአንድ ሰዓት ቢ ምዋጁማን አስቀድመን ቢሮዎ በር ላይ እንገኛለን፤ ቀድመው ከደረሱ ይጠብቁን።

ለኮምፒውተርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎ ደግሞ ደህና የግድግዳ ሰዓት የምመኝ፣ ከቀዮቹ ሰልፍ መሃል፣
ዛይቱኒ ምባሩኩ

ማስታወሻ፦ የቢሮው ሠራተኞች የመግቢያ ሰዓትም በዚያው ደንብ እንደሚቀባ ሰምተናል። ሁሉም ቀይ ሲሆኑ የእርስዎ መስመር ብቻ ነጭ ነው አሉ፤ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልተሞላምና። ለታንጋው ባለሙያ ደውለንለት ቅዳሜ ሊመጣ ተስማምቷል። ለባዶዎቹ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚመርጡ እንድንጠይቅዎ አደራ ብሎናል።