ከቡሬ ወዲህ

ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

የመራመጃ ማሽኑ ቆሟል።

ለእናቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የጧቱ ብርድ ከሐይቁ ሲነሣ ያምዎታል ብላ የሺአረግ ነግራኛለች። የላክሁልዎት ጋቢ ደረሰ? ለሌላ መነኩሲት ሰጥተውት ከሆነም አልቆጣም፤ ብቻ ይንገሩኝና ሌላ እልካለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ማኅሌት ጎንደር ትምህርቷ ላይ ናት፤ አያቴን ሳሚልኝ ብላለች። ስለ ባለቤቴ ስለ ገድሉ ግን እንደ ወትሮው ደኅና ነው ብዬ አላልፍም። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዳያነብልዎት። መነጽርዎን ፈልገው ራስዎ ያንብቡት።

የምጽፍልዎት እዚሁ ከተማ ግሽ አባይ ሰፈር፣ ምናሴ ከሚባል ጠጋኝ ሱቅ ተቀምጬ ነው። ምድጃም ቴሌቪዥንም የውኃ ፓምፕም ይሠራል። የማሽናችን ሞተር ተፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ምናሴ ካርቦን የሚሉትን ትንሽ ዕቃ ከሌላ ሱቅ ሊያመጣ ሄዷል፤ እስክመጣ ሱቁን ጠብቂልኝ ብሎኛል። ወረቀቱም እስክሪብቶውም የሱ ነው። የሺአረግ ገበያዋን ጨርሳ ወደ ዘጌ ጀልባ ስትወርድ በዚህ በኩል ታልፋለች።

ማሽኑን ለምን እንደ ገዛሁት ያውቃሉ። ከመጀመሪያው የምነግርዎ ግን የማያውቁት ስላለበት ነው።

ገድሉ የፋብሪካ ሠራተኛ በአውቶቡስ ሲያመላልስ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መቀመጥ ማለት ነው። ስኳሩ ሲብስበት ሐኪሙ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተራመድ አለው። በየት በኩል ይራመድ? ጧት አሥራ አንድ ሰዓት ይወጣል፤ ሲመለስ ጀምበር ትጠልቃለች። ከመሸ እንኳን የኛው ሰፈር ዘንዘልማ፣ ሐይቁ ዳርም ሰው አይገኝም። ስለዚህ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከተማ ከሚለቁ ሰዎች ያገለገለ ማሽን ገዛሁ። ሴትዮዋ ልብስ ከማስጣት በቀር አንድ ቀን አልሠራንበትም ብላ ማለችልኝ። ያኔ ጽፌልዎት ነበር፦ ሰውየው ይራመዳል፣ ከእግሩ ሥር ያለው ላስቲክ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሰውየው ካለበት ንቅንቅ አይልም። እርስዎም ቁሞ መሄድማ የመዘምራን ነው ብለው በየሺአረግ ላኩብኝ። ለገድሉ ስነግረው ስቆ ነበር።

አራት ሰው ተሸክሞ ከጓሮው ክፍል አስገባው። መጀመሪያ አልነሣም አለ። ምናሴን በስልክ ስጠይቀው ቀይ ገመድ ያለው ቁልፍ ቦታው ላይ ነው ወይ አለኝ። ከካርቶኑ ሥር ወድቆ አገኘነው። የገመዱን ጫፍ የሚራመደው ሰው ልብሱ ላይ ይሰካዋል፤ ሰውየው ቢወድቅ ቁልፉ ይነቀልና ማሽኑ ቀጥ ይላል። ያ ሲስተካከል ደግሞ መብራቱ አስቸገረን። ሰፈራችን አዲስ ቤት የሚሠራበት ነው፤ አንዱ ብየዳ በጀመረ ቁጥር ማሽኑ እንደ ታመመ በሬ ይንቀራፈፋል። መብራቱን የሚያስተካክል ስታብላይዘር ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ ሠራ። ጫማም ገዛሁለት፤ ነጭ የስፖርት ጫማ። ቁጥሩን ሳልጠይቀው ነው የገዛሁት። አድርጎት ተነሣ፣ ሁለቴ ተራመደ፣ ልክ ነው አለኝ።

ማሽኑ የተሄደውን ኪሎ ሜትር ይቆጥራል። ገድሉ ሹፌር ነውና ቁጥሩን ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ የሚወስድ መንገድ አደረገው። በቀን አራት ኪሎ ሜትር እየሄደ መስከረም አጋማሽ ላይ መራዊ ገባሁ አለ። ወሩ ሳይወጣ ዳንግላን አለፈ። ጎረቤታችን አቶ አዘዘ የማሽኑን ድምፅ በሰማ ቁጥር በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ፣ ገድሉ፣ ዛሬስ የት ልታድር ነው ይለዋል። ኮሶበር ነኝ፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል ይላል ገድሉ። ታዲያ ድንች ጫንልኝ፣ የሰው መኪና ባዶውን ይመለሳል እንዴ ይላል አዘዘ። ምኑን ልጫን፣ ጎማው እዚያው በዚያው ነው የሚዞር ይላል ገድሉ። እየሳቁ ያመሹ ነበር። እኔም ወጥ ቤት ሆኜ እስቃለሁ። ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር እንዲያ ከሳቅን።

ጥቅምት አሥራ አምስት ቡሬ ገባ።

ከቡሬ ወዲህ ቀልዱ ቀነሰ። አዘዘ ሲጣራ መልሱ አጠረ። ማሽኑ ግን በየማታው አንድ ሰዓት ሙሉ ይጮኻል። ድምፁ ተለውጧል። ቀድሞ እርምጃው ከሞተሩ ጋር ድው ድው ሲል ይሰማኝ ነበር፤ አሁን እንደ ወፍጮ አንድ ወጥ ሆነ። ሰውየው ክብደት ቀንሷል ብዬ ደስ አለኝ። አንድ ቀን ፎጣ ላቀብለው ገባሁ። ማሽኑ ይሄዳል፣ ገድሉ አጠገቡ ቆሟል፣ የገመዱ ጫፍ የተሰካው ወንበሩ ላይ ነው። አሁን ደክሞኝ ወረድሁ አለኝ። አመንሁት። እኔ መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ፤ የሰው ወረቀት ሳገላብጥ ነው የምውለው፤ አንድ ፊደል ስትጎድል አያለሁ። በቤቴ ግን አላየሁም።

ኅዳር አሥር ቀን ደብረ ማርቆስ ገባሁ አለኝ። እንኳን ደኅና ገባህ አልሁት።

በማግስቱ ማሽኑ መሽተት ጀመረ፤ ከዚያ ተንቋቋና ቆመ። ቁጥር በሚያሳየው የማሽኑ መስኮት ላይ አንድ የፈረንጅ ፊደል ከቁጥር ጋር ብልጭ ድርግም ይላል። ስታብላይዘሩን ነቅዬ ሰካሁ። ቁልፉን አውጥቼ አስገባሁ። ያው ነው። ተይው በቃ አለ ገድሉ። ለምናሴ ደወልሁና ምልክቱን ነገርሁት። ቅባት ጎድሎት ይሆናል አለኝ። ገድሉ ከመኝታው ሆኖ፣ የመሪጌታ ልጅ ቤት ነው፣ እዚህ ቤት ቅባት አይነሣም ብሎ ጮኸ። ምናሴ በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። አባቴ በዚያች ቃል፣ በቅባትና ተዋሕዶ፣ ከስንት ሰው ጋር ሃይማኖት እንደ ተከራከሩ እርስዎ ያውቃሉ። እኔም ሳቅሁ። ለካ እያሳቀ ነበር ማሽኑ ክፍል እንዳልገባ የሚከለክለኝ።

ትናንት ምናሴ ቤት ድረስ መጥቶ የሞተሩን ክዳን ፈታ። ውስጡን አየና፣ እትዬ፣ ሲሚንቶ የምታቦኩት እዚህ ነው ወይ አለኝ። ግራጫ ዱቄት ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ሞተሩ ላይም ከላስቲኩ ሥርም ተጋግሯል። በጣቴ ነካ አድርጌ አሸተትሁት። እምነት ነው አልሁት። እምነትማ ጥሩ ነበር እትዬ፣ ሞተር ግን የሚፈልገው ዘይት ነው አለኝ። ስለ ሃይማኖት የተናገርሁ መስሎት ነው። የገዳም አመድ ነው፣ ሕመምተኛ የሚቀባው እምነት ስለው ኮፍያውን አወለቀ። እንዲህ ከሆነስ መሬት አላራግፈውም አለና በብሩሽ እየጠረገ ወረቀት ላይ ሰብስቦ ሰጠኝ። ከዚያ ላስቲኩን ጎንበስ ብሎ አየ። ይኼ ማሽን ግን ሰው ይሄድበታል ወይ አለኝ። ባለቤቴ በየቀኑ ይሄድበታል አልሁት። አላመነኝም። ባትሪ አበራልኝ። እምነቱ ላስቲኩ ላይ እንደ መንገድ አቧራ ተኝቷል። አንድም የጫማ ዱካ የለበትም።

ከስታብላይዘሩ ኋላ ባዶ ወረቀት ወድቆ አገኘሁ። ከቀን መቁጠሪያ የተቀደደ ነው፤ አራት ጊዜ ታጥፎ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ላዩ ላይ የፈትል ክር ተጠምጥሞበታል። እርስዎ የጎመን ዘር የሚልኩልኝ እንዲሁ አጥፈው ነው።

ገድሉን ካልሲህን አውልቅ አልሁት። እምቢ አለ። አወለቅሁት።

የግራ እግሩ ትንሿ ጣት ጠቁራለች። ከሥሯ ያለው ቁስል አፉ ትንሽ ነው፤ ውስጡ ግን እምነት ሞልቶበታል። የላጠው ጫማው ነው። ስኳር እግር ያደነዝዛልና አልተሰማውም፤ ካልሲው ላይ ደም ያየው ቡሬ ገባሁ ባለ በማግስቱ ነው። ለምን አልነገርኸኝም ስለው፣ ጫማውን ደስ ብሎሽ ነው የገዛሽው አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑን ያስነሣና አጠገቡ ይቀመጣል፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እንድሰማው። እርስዎ የላኩለትን እምነት የማሽኑ ጠርዝ ላይ እግሩን ዘርግቶ ይነሰንስበታል፤ የረገፈውን ላስቲኩ ይዞት ይገባል። ከቡሬ እስከ ማርቆስ ያለውን መንገድ ማሽኑ ብቻውን ነው የሄደው።

የጎረቤታችንን ልጅ ወንጌላዊትን ጠራኋት፤ ነርስ ናት። ዓይንህን ጨፍን ጋሼ አለችውና ትንሿን ጣት ይዛ፣ የቱን ነው የያዝሁት አለችው። አውራውን አላት። ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ለእሱ፣ ጋሼ፣ ነገ ሆስፒታል ትገባለህ፣ ሰኞ አይባልም፣ ዛሬ ጣት ነው፣ እያደር እግር ይሆናል አለችው። ገድሉ፣ እማሆይ ሁለት ሱባዔ ይዘውልኛል፣ እስከ ጽዮን በዓል ብለውኛል፣ ቃል ሰጥቻለሁ፣ አላፈርስም አለ። ከእኔ ተደብቆ ለእርስዎ መልእክት እንደ ላከብዎት፣ እርስዎም ለእሷ አትንገር እንዳሉት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስለምነው አንድ ነገር ብቻ ጨመረ። አባትሽን አይቻለሁ አለኝ።

እናቴ፣ ይህን ደብዳቤ ስጀምር ልለምንዎት ነበር። ሂድ ብለው አንድ ቃል ይላኩበት፣ ከእኔ ይልቅ የእርስዎን ይሰማል ልል ነበር። እየጻፍሁ ሳስበው የሺአረግ ተመልሳ የምትመጣው በሳምንቱ ነው። እስከዚያ ያች የእግሩ ጣት አትጠብቀንም።

ለምን ከእኔ እንደ ደበቁኝም አሰብሁ። አባቴ የገቡ ጊዜ እርስዎ ከሆስፒታሉ ቅጥር ውጭ ዋርካው ሥር ዳዊት ይደግሙ ነበር። እግር የሌለው መሪጌታ መቋሚያውን ይዞ በምን ይቆማል ብለው እርስዎ ሐኪሙን የጠየቁት አይረሳኝም። ሐኪሞቹ እግራቸው እንዲቆረጥ የሚፈረምበትን ወረቀት ይዘው ሲመጡ እርስዎ አልነበሩም። አባቴ በዘጠነኛው ቀን አረፉ። በዓመቱ እርስዎ መነኮሱ። ይኸው ሃያ አንድ ዓመት፣ ማን ፈረመ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም አንሥቼው አላውቅም። የረሱት ይመስለኝ ነበር። ያችን በአራት የታጠፈች ወረቀት ሳይ እንዳልረሱት አወቅሁ። አልተቀየምሁዎትም። በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም ለእኔ አልነግርም ነበር።

እዚህ ላይ ሳለሁ ወንጌላዊት ደወለች። ትኩሳት ጀምሮታል። ቅላቱ ቁርጭምጭሚቱን አልፎ ወጥቷል። ባጃጅ በር ላይ አቁሜያለሁ፣ እሱ ግን አልነሣም ብሎኛል፣ እትዬ ቶሎ ነይ አለችኝ።

ምናሴ አልተመለሰም። ሞተሩ ጠረጴዛው ላይ ይቆይ። ሱቁንም ይህን ደብዳቤም ከጎን ላለው ልብስ ሰፊ አደራ እሰጠዋለሁ፤ የሺአረግ ከሱ ትቀበላለች።

ከሞተሩ የተጠረገውን እምነት አልመለስሁልዎትም። ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ አብሮን ይሄዳል። ሱባዔውን እርስዎ አያቋርጡት። እሱ ያፈረሰውን እርስዎ ይያዙለት፤ ማፍረሱ ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይጻፍ። የደጁ እመቤት ጉልበትዎን ታጽናልዎት፤ ብርዱን ታቅልልዎት፤ በጸሎትዎ ስሙን ከስሜ አስቀድመው ይጥሩት።

የምናሴን እስክሪብቶ ይዤው መሄዴ ነው። ወረቀቱን ይዘው ሲመጡ እዚያ እስክሪብቶ እንደማይገኝ አውቃለሁ።

ልጅዎ