እትዬ ሚዛን እና የጋራዥህ ቁልፍ

ወዳጄ፣ ሞተር ሳትፈታ በጆሮህ ብቻ ሕመሙን ትለያለህ እያልኩ ስኮራብህ ኖሬ፣ እዚህ የሚበልጥህ ሰው አገኘሁልህ!

የከርሰ ምድር ጥናት ቡድናችን መሪ ናቸው፤ ጡረታቸው የደረሰ ሴት፣ እትዬ ሚዛን እንላቸዋለን። ሜዳው ላይ ጣሳ የምታህል መሣሪያ አስቀምጠው የመሬትን ስበት ይለካሉ። ያን ጊዜ መሣሪያው እንዳይነቀነቅ የመኪናችን ሾፌር ሞተር ያጠፋል፣ እኛም ትንፋሻችንን እንውጣለን። ስበቱ ቀነስ ካለ ጠንካራው አለት ወደ ታች ርቋል፣ በላዩም ቀለል ያለ ደለል ተከምሯል ማለት ነው። እንዲህ እያሉ፣ አንድ አካፋ አፈር ሳያነሱ፣ የተቀበረውን ሸለቆ ቅርጹን ወረቀት ላይ ያወጡታል። እጅ በአፍ ያስጭናሉ!

ትናንት የማግኔት መለኪያውን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። በአንድ መስመር ሄጄ ስመለስ ቁጥሮቹ አልገጥም አሉ። ብረት ያገኘሁ መስሎኝ ስፈነድቅ፣ እሳቸው ወረቀቱን አየት አደረጉና፣ «ልጄ፣ ምድር እኮ እንደ ሰው አይደለችም፤ ለሄደ ሌላ፣ ለተመለሰ ሌላ አታወራም። በል ኪስህን ገልብጥ» አሉኝ።

ብገለብጠው የጋራዥህ ቁልፍ ዱብ! መለኪያውን ያሳሳተው ብረት እሱ ነበር። ለካ የመጣሁ ዕለት ሳልመልስልህ ይዤው ኖሯል። የመስመሩን ሦስት ኪሎ ሜትር እንደገና በእግሬ አስደገሙኝ።

ካርዱ አለቀብኝ። እናትህን ጉልበት ሳምልኝ፣ ልጆቹንም እቀፍልኝ። ቁልፉን ወሰደ ብለህ ካኮረፍከው ወንድምህ ጋር ግን ዛሬውኑ ታረቅ፤ ሌባው እኔ ነኝ።