አባዬ፣ የጽጌ በርጩማ ገና አልደረቀም

ይድረስ እዛ ላለኸው ለአባዬ፣

ተለይተኸን ከሄድክ ይኸው ሶስተኛው የቡና ለቀማ አለቀ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፣ አትመልስልኝም። ደሞ የምጽፍልህ ላለቅስልህ አይደለም፤ ተናድጄብህ ነው። ግን መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ፣ አለበለዚያ ንዴቴ አይገባህም።

እኛ ያው ጅማ፣ አወቱ መንደራ ነን። እማዬ በመሰረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ፣ የቀበሌውን ማስታወቂያ ጮክ ብላ እያነበበች ሰፈሩን ታስቸግራለች። እኔ ትምህርቱን አምስተኛ ላይ ተውኩትና ከሸቤ ጅማ ቡና የሚጭን መኪና ላይ ረዳት ሆንኩ። ሸራ ወጥሮ በማሰር እኔን የሚያክል በዚህ መስመር አልተፈጠረም። ጽጌ ደሞ አገባች። አዎ፣ ትንሿ ልጅህ! ሊሙ ገነት የሚያስተምር አስተማሪ ወሰዳት። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ታላቋ ልጅህ አልማዝ ስትዳር የጠረብክላትን በርጩማ ታስታውስ የለ? ከአንድ ግንድ የወጣ፣ ባለ ሶስት እግር፣ የትም ቢያስቀምጡት የማይነቃነቅ። ሽማግሌ ለጽጌ የመጣ ዕለት ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። "አልማዝ የአባዬን ይዛ ወጣች፣ እኔ ባዶ እጄን ልወጣ ነው" አለችኝ። አፌን ብይዝ ምን ነበረበት! ወጥቼ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምኩና "የጽጌን በርጩማ እኔ እጠርባለሁ፣ ከአባቴ ቢበልጥ እንጂ አያንስም" አልኩ። በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ምን ላድርግ፣ አምኜ ነበር እኮ። እሁድ እሁድ ከመጋዘን ጥበቃ ስትመለስ ማንጎው ስር ቁጭ ብለህ ትጠርባለህ፣ እኔ ከጎንህ ሆኜ የጠርዙን ጌጥ በመሮ እቀርጻለሁ። ሽጥልን ሲሉህ "የእሁድ እጄ አይሸጥም" ትላቸዋለህ። ጌጡን ያየ ሁሉ ደሞ "ይሄ ልጅ አባቱን ይበልጣል" ይል ነበር። አንተ ከሞትክ ወዲህ መሮውን ነክቼው አላውቅም፤ እጄ ግን የትም አይሄድም ብዬ ነበር። ለካ እኔ የማውቀው ጠርዙን ብቻ ነው። ሆዱንና እግሩን አንተ ነበርክ የምታወጣው።

ሸቤ ሄጄ አባ ቢያ ከሚባሉ ገበሬ አንድ የዋንዛ ግንድ ለመንኩ። የገበሬ ማህበሩን ሊቀመንበር አስፈቅደው ቆረጡልኝ። እጄ ተልጦ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ እንደምንም በርጩማ የሚመስል ነገር አወጣሁ። ማድረቅ ቀረ። ጅማ ውስጥ ደሞ ነገር እንዴት ይደርቃል? ፀሐይ ላይ ነዋ! የጎረቤት ቡና የተሰጣበት ሰሌን ላይ አስቀመጥኩትና ቀኑን ሙሉ እንደ ቡናው ሳገላብጠው ዋልኩ። ሳይመሽ ጷ! አለ። ከመቀመጫው እስከ እግሩ ለሁለት ተሰነጠቀ።

እማዬ ሳቋን መያዝ አቃታት። "አባትህ ጥላ ስር ገለባ ውስጥ የሚቀብረው ለምን መሰለህ?" አለችኝ። እኔ ከሌባ የምትደብቀው ነበር የሚመስለኝ! እርጥብ እንጨት ቀስ ብሎ ካልደረቀ እንደሚሰነጠቅ አንድ ቀን እንኳን ነግረኸኝ ታውቃለህ? መኪና ተራ ያሉት ልጆች ሰሙና ከነቅርፊቱ ፀሐይ ላይ በሚደርቀው ቡና ስሜን ጀንፈል አሉት። "ጀንፈል! በርጩማውን ፈለፈልከው ወይስ ገና ነው?" እያሉ ጭነት ላይ ሆነው ይጮሁብኛል።

ሁለተኛ ግንድ ልወስድ ስሄድ አባ ቢያ አይተው አይተውኝ "ያ ኢልማ ኮ፣ ለወንበር ነው ለማገዶ?" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፣ ግን እያሾፉብኝ ነው። ተናድጄ ጀመርኩት። ሶስተኛው እግር ላይ ስደርስ እግሩ ከነሥሩ ተገንጥሎ ወደቀ። በቃ፣ ደሜ ፈላ። መጥረቢያውን አሽከርክሬ ከአጥር ውጪ ወረወርኩት። የት ቢወድቅ ጥሩ ነው? አብዮት ጥበቃው እግር ስር! "ማነው በአብዮቱ ላይ መሳሪያ የሚያነሳው?" ብሎ መጣ። "ጓድ፣ እኔ የተጣላሁት ከበርጩማ ጋር ነው" አልኩት። አልሳቀም። መጥረቢያህን ይዞ ወደ ቀበሌ ሄደ።

እማዬ ናት ሄዳ ለምና ያስመለሰችው። መጣችና እግሬ ስር ጥላው "አንተ ጉረኛ፣ የጉረኛ ልጅ" አለችኝ። ከዛ ነገረችኝ አባዬ። ሁሉንም ነገረችኝ! አልማዝ ሳትወለድ ስንት በርጩማ እንዳበላሸህ። የተሰነጠቀውን፣ እግሩ የወለቀውን፣ ያኔ ቀጭን የነበረችውን እሷን እንኳን ይዞ የወደቀውን። ሁሉንም ፈልጠህ ማገዶ እንዳደረግካቸው። "በሱ ማገዶ ሽሮ ሰርቼ አብልቼዋለሁ፤ ለልጆቼ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኝ ነው ዝም ያልኩት" አለች።

እኔን ግን ምን ነበር ያልከኝ? መጀመሪያ የጠረብኩትን አንድ ባላባት በበቅሎ ካልለወጥከኝ ብሎ ለመነኝ አላልክም? ማንጎው ስር ስንት እሁድ ነው ይቺን የበቅሎ ወሬ የሰማሁት! እኔ እኮ እጄ ተረግሟል ብዬ ነበር። የልጅነት ችሎታዬን ጨርሼ የማልረባ ሆኜ ቀረሁ ብዬ መሮውን ልሸጠው ነበር። አንዷን ማገዶ ብታሳየኝ ምን ይጎድልብህ ነበር? በቅሎውን ከምትነግረኝ ሽሮውን ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

ተነስቼ በሌላ ግንድ ሶስተኛውን በርጩማ ጀመርኩ። ልዋሽህ አልፈልግም፣ አያምርም። አንዱ እግር ወፍራም ነው፣ መቀመጫው ወደ ጎን ያዘነብላል። ጠርዙ ብቻ ነው ጠርዝ የሚመስለው። ገለባ ውስጥ ቀበርኩት፣ ሠርጉ ግን ቀድሞት ደረሰ። ጉራዬን የነዛሁት በአደባባይ ስለሆነ በአደባባይ ነው የተዋረድኩት፤ ሽማግሌዎቹ ባሉበት "አልደረሰልኝም" አልኩ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጽጌ በቬሏ ብድግ አለችና "ታዲያ በእርጥቡ ስጠኝ፣ እዛው አልጋዬ ስር አደርቀዋለሁ" አለች። በጆንያ ገለባ ሞልተን በርጩማውን መሀሉ ቀብረን ከሳጥኗ ጋር ጫንነው። ሊሙ ሲደርሱ የሙሽራው ዘመዶች ጆንያውን አይተው "እንዴ፣ ሊሙ ቡና ጠፋ ብለዋችሁ ነው?" አሏት አሉ።

ይኸው እስካሁን እጠብቃለሁ። ከሊሙ የመጣ ሹፌር ሁሉ ሲያየኝ ገና ሳልጠይቀው "አልተሰነጠቀም አለችህ" ይለኛል። ይሰነጠቅ ይሆናል። ከተሰነጠቀ ሌላ እጠርባለሁ፤ እሁድ እሁድ ማንጎው ስር ነኝ፣ ስሳደብ ነው የምውለው። ንዴቴም ገና አልወጣልኝም።

አልረሳህም አባዬ። ልጅ የወለድኩ ቀን ስላንተ መጀመሪያ የምነግረው ስለማገዶው ነው፣ የአልማዝን በርጩማ ከዛ በኋላ ነው የማሳየው። የበቅሎዋን ወሬ ጨርሶ አላነሳትም። ትቆጣ ይሆናል፤ ተቆጣ። ያስማልከው እማዬን ነው፣ እኔን አላስማልከኝም።

ልጅህ ግርማ