ለኮረኮንች የሚሆን ጎማ

ውድ ወንድሜ ጭራሮ፣

ዛሬ ብስክሌትህን ከተሰቀለችበት አወረድኳት። በፈቃዴ አይደለም፤ ሚስትህ ናት ያስወረደችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከብስክሌት መጠገኛ ሱቄ ጣሪያ ሥር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሰቅያት ኖርኩ። ደንበኛ «ትሸጫታለሽ ወይ?» ሲለኝ «የሰው ናት» እላለሁ። እሱ እንኳ ውሸት አልነበረም።

አንተን ግን ከዚህ ሱቅ ማስወጣት አልቻልኩም። ሳቅ ካማረህ ሳቅ። አራት ሰዓት ገደማ ላይ፣ ፀሐይዋ በሩ ጋ ስትደርስ፣ አንድ እግርህን ደፉ ላይ አድርገህ ብስክሌቷን በዳሌህ ደግፈህ ትቆማለህ። ቀና ስል የለህም። እንደገና ሥራዬ ላይ ሳቀረቅር ትመለሳለህ። ምንም አትለኝም፤ ድምፁ ግን አለ። የማንንም ጎማ ገጥሜ ሳሽከረክር ጆሮዬን ወደ ቸርኬው አስጠግቼ ያንን ጎማ ብረት ሲነካ የሚሰማውን «ሽ... ሽ...» እጠብቃለሁ። ሰው ታዲያ ይሄን አይቶ «እንዴት ያለች ጠንቃቃ ናት!» ይላል። «አንድ ጎማ ለመግጠም ሦስቴ የምትለካዋ ሴትዮ» እያሉ ከሩቅ ሰፈር ድረስ ደንበኛ ይልኩልኛል። በአንተ ሞት ገበያዬ ደራ። ይሄ ለማን ይወራል?

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበልህ፣ ያኔ ሳልልህ ስለቀረሁ። ስለ ጎማው ልክ ነበርክ።

ሙያውን ያስተማረኝ አባባ «ቀጭን ጎማ፣ ጢም ብሎ የተነፋ፣ ብስክሌት ማለት እሱ ነው» ሲል እኔ እንደ ሃይማኖት ይዤው ቀረሁ። አንተ ግን የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆነህ ከአስፋልቱ ማለቂያ ወዲያ ያሉትን ሰፈሮች ሰጡህ። በየቀኑ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ኮረኮንች፣ በሠላሳ ሁለት ሚሊ ስፋት ጎማ! የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ለምዶህ መጮህ እንኳ ሰልችቶታል ትለኝ ነበር። እጅህ ከንዝረቱ የተነሳ አላርፍ ብሎህ አንዱን ስምንት ቁጥር ሦስት አድርገህ የጻፍክ ቀን፣ የቤቱ ባለቤት «በየወሩ አንተው ናልኝ» ብሎ መርቆህ የለ?

«እታለም፣ አርባ አምስት ሚሊ ግጠሚልኝ» አልከኝ በዚያው ሰሞን።

«ልታርስ ነው እንዴ?»

«ቀልዱን ተይው። ሰፊ ጎማ ለስለስ ብሎ ሲነፋ ድንጋዩን ይውጠዋል። ቀጭኑ ነው በየጠጠሩ እየዘለለ ጉልበቴን የሚጨርሰው።»

«አባባ ቢሰማህ መቃብሩ ውስጥ ይገላበጥ ነበር።»

«አባባ አፈር ይቅለለውና ኮረኮንች ላይ ነድቶ አያውቅም።»

ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ ያሸነፍከኝ በነገር አይደለም፤ መዳፍህን ገልብጠህ ስታሳየኝ፣ ውኃ የቋጠረውን ሳይ አንጀቴን በላኸው።

ችግሩ ጎማው አልነበረም፤ ሹካው ነበር። ብስክሌቷ ለአስፋልት የተሠራች ናት። የፊት ጎማዋን ግራና ቀኝ የያዘው ሹካ ጠባብ ነው። አባባ ለዚህ አንድ ሕግ ነበረው፤ ስድስት ቁጥር ብሩጎላ፣ ያቺ የታጠፈች መፍቻ፣ በጎማውና በሹካው መሃል ካላለፈች ጎማው አይገባም። ማክሰኞ ስገጥምልህ አለፈች። እየታከከች ቢሆንም አለፈች። ሁለተኛም ሕግ ነበረው። «አዲስ ጎማ እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ ሲለበስ ይሰፋል። ሳምንት ሲሞላው አስመጥተሽ እንደገና ለኪው።» ይሄን ሁለተኛውን ከተማው ውስጥ ከእኔና ከአንተ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። አንተ አልረሳኸውም።

እሁድ ምሳ ላይ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ «እህቴ ስለ ጎማ ሠላሳ ዓመት ተሳስታ ኖራ ገና በዚህ ሳምንት ዓይኗ በራ» ብለህ ሁሉንም አሳቅካቸው። እኔም ሳቅሁ። ቂም ግን ያዝኩ። ታውቀኝ የለ፣ ውኃ ቀጠነ ብዬ የማኮርፍ ሰው ነኝ። እሁድን አኮረፍኩ፣ ሰኞን አኮረፍኩ፣ ማክሰኞን አኮረፍኩ። አንተ አንዱንም ቀን አላወቅህልኝም፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ረቡዕ ጠዋት መጣህ። ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ጭቃ ነበር። በሩ ላይ እንደዚያ ቆመህ፣

«እታለም፣ የፊቱ አንዳንዴ ሽ ይላል። ሳምንቱም ሞልቷል፤ እስቲ እይልኝ» አልክ።

በኋላ ለሰው ሁሉ ያን ጠዋት ሥራ በዝቶብኝ ነበር ስል ኖሬአለሁ። አልበዛብኝም። አንድም ደንበኛ አልነበረም። እጄ ላይ የአንድ አሮጌ ብስክሌት ካቴና ይዤ በነዳጅ አጥብ ነበር፤ ቢቆይ የማይጎዳ ሥራ። መፍቻዋ ከጉልበቴ አጠገብ መሬት ላይ ነበረች። እጄን ብዘረጋ እደርስባት ነበር።

«ሰፊ የፈለግኸው አንተ ነህ፤ ቻለው» አልኩህ።

ቀና እንኳ አላልኩም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደል የሚባለው? ትንሽ ቆምክ። ጥላህ ካቴናው ላይ አርፎ ይታየኝ ነበር።

«ተቀይመሻል እንዴ?» አልክ፣ በዚያ ሳቅ በሚያፍነው ድምፅህ።

ካቴናውን ማጠቤን ቀጠልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። የብስክሌቷን ደወል አንዴ ነካ አድርገህ ሄድክ።

በዚያው ጠዋት የድንጋይ ካባው ቁልቁለት ላይ ከኋላህ የነበረው የገልባጭ መኪና ሾፌር የመሰከረውን ልንገርህ፤ አንተማ አላየኸውም። «ጎማው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ልጁ ግን አልቆመም» ነው ያለው። ጭቃና ጠጠር ጎማውንና ሹካውን አንድ አድርጎ ነክሶት ነበር። የቀረው ቦታ ጥፍር እንኳ አያስገባም ነበር።

ቀጥሎ የማወራህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ትራፊክ ፖሊሱ ብስክሌቷን ይዞ እኔው ዘንድ መጣ። «ወንድምሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን በዚህ አካባቢ ከአንቺ ሌላ ባለሙያ የለም፤ ቃልሽን ስጪኝ» አለ። ጎማውን ፈታሁት። የሹካው ውስጠኛ ገጽ በአንድ በኩል ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ያብለጨልጫል፤ አውራ ጣት ያህል ቦታ። በአንድ ቀን የሚሆን ፍቀት አልነበረም። ከዚያ ጻፍኩ፤ «ፍሬኑ ይሠራል። ጎማው አዲስ ነው። ጎማውን የያዘው ጭቃ ነው።» አንዱም ቃል ሐሰት የለበትም። ብስክሌቷ ለቤተሰቡ ስትመለስ ደግሞ ጥቁር ቀለምና ቀጭን ብሩሽ አምጥቼ ያችን የተፋቀች ቦታ ቀባኋት። ሁለቴ ቀባኋት። እስኪደርቅም ቆሜ ጠበቅኩ። ራሴን መፍራት የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ሚስትህ በዚህ ወር ከካባው ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ ተዛውራለች። አዋላጅ ደግሞ አውቶቡስ እስኪመጣ አትጠብቅም፤ ምጥ ሰዓት አያውቅም። ዛሬ ልጃችሁን ትምህርት ቤት አድርሳ በቀጥታ እኔ ጋ መጣች።

«እታለም፣ ብስክሌቷን አውርጂልኝ። ልነዳት ነው።»

አወረድኳት። ጎማዎቿን ያኔ ስላወለቅኳቸው ባዶ ቸርኬዋን ናት፤ አቧራዋን ስጠርግላት ጊዜ ወሰድኩ፤ ከሚገባው በላይ።

«ጎማውን እሱ የመረጠውን አድርጊልኝ፤ ያንን ሰፊውን። መንገዱ ያው የእሱ መንገድ ነው።»

«ለአንቺ ሠላሳ ስምንት ይሻላል» አልኳት።

«ለምን? ለኮረኮንች ሰፊ ነው የሚሻለው እያለ ሲያደነቁረኝ አልነበር እንዴ?»

«አይገባም።»

«ለእሱ ገብቶ የለ?»

ከገበያ ጠፍቷል ልላት እችል ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረ። ሠላሳ ስምንቱን ገጥሜላት፣ መፍቻዋ ወዲህና ወዲያ ብላ እስክትጫወት ቦታ ኖሮት፣ በሰላም ሄዳ በሰላም ትመለስ ነበር። ልጃችሁም ቅዳሜ ቅዳሜ «አክስቴ!» እያለች መምጣቷን አትተውም ነበር። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሰው የምለው እነሱን ሁለቱን ነው። ይሄ ሁሉ ባንድ ትንፋሽ መጣልኝ።

እሷ ግን ጎንበስ ብላ እጇን ሹካው ውስጥ ሰደደች። የአዋላጅ እጅ ነው፤ ዓይን ያላየውን ይዳስሳል። ጣቷ ያቺ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ምንም አልጠየቀችኝም፤ ቀለም ነው ብላ ልታልፈውም ትችል ነበር። እኔ ነኝ ያላስቻለኝ። ቁጭ ብዬ ነገርኳት። እሁዱን፣ ኩርፊያውን፣ ረቡዕን፣ «ቻለው» ማለቴን፣ ፍቀቱን፣ ቀለሙን። ሳወራ አላለቅስም ብዬ ነበር፤ አለቀስኩ።

የጎማ ውስጥ ከመነዳሪ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤

«ያን ረቡዕ ከሱቅሽ እንደወጣ ደውሎልኝ ነበር።»

አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት አላውቅም ነበር።

«በዋዜማው ማታ ጎማው ሹካውን ይነካል ብሎኝ ስለነበር፣ አሳየሃት ወይ አልኩት። ‹አሳየኋት፤ ጎንበስ ብላ፣ አሽከርክራ፣ በደንብ አየችው፤ ምንም አይልም አለች› አለኝ።»

አቧራ የጠረግኩበትን ጨርቅ አጣጥፌ አስቀመጥኩ።

«ሰው ናት አልኩ» አለች፣ እጆቿን እያየች። «ዓይን ይስታል፣ እጅ ይስታል። እኔም በሥራዬ የሳትኩት አለ። ሙያዋ ነው፣ አይታ ነው የሳተችው እያልኩ፣ ሳልነግርሽ ይቅር ብዬሽ ነው የኖርኩት። ጭራሽ ሳታዪው መቅረትሽን ግን... እሱን አላውቅም ነበር፣ እታለም።»

ተነሥታ ብስክሌቷን ያዘች። ልግጠምልሽ ስላት «አንቺ አትንኪያት» አለችኝ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እየሮጥኩ ወረቀት ቀደድኩና ጻፍኩላት፤ ከሠላሳ ስምንት እንዳይበልጥ፣ ለስለስ ተደርጎ ይነፋ፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና ይለካ። ወረቀቱን አየችው፣ አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ባዶ ቸርኬዎቹን አስፋልቱ ላይ እያንኳኳች ሄደች። ቅዳሜ ልጅቷን ትልኪያታለሽ ወይ ብዬ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

እውነቱን ከተናገርኩ በኋላ የምትተወኝ መስሎኝ ነበር፤ አንተ ማለቴ ነው። ይሄው ስጽፍልህ በሩ ላይ ነህ። ወደ ሥራዬ ሳይሆን ወደ ወረቀት ስላቀረቀርኩ ግራ ገብቶህ ይሆናል።

ልጃችሁ አድጋ «አባዬ እንዴት ሞተ?» ስትል «ጭቃ ነው» አልላትም። ይሄን ቃል እሰጥሃለሁ። እናቷ ብትፈቅድልኝ ራሴ እነግራታለሁ፤ ካልፈቀደችልኝም ሽማግሌ አልልክባትም፣ እጠብቃለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለችኝ። ሚስትህን ለምን «አየችው» አልካት? እኔን ከሷ ልታድነኝ ከነበረ፣ ኩርፊያዬን ችለህ ልትሸፍንልኝ ከነበረ፣ ይሁን፤ ታናሽ ወንድሜ ነህ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የኔን ጥፋት ከእማማ ስትሸፍን ኖረሃል። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። ቀና ሳልል «ቻለው» ያልኩህን ሰምተህ፣ ‹እህቴማ ድምፁን ሰምታ ነው፣ ችግር ቢኖረው ኖሮ እየተቆጣችም ቢሆን ትነሣ ነበር› ብለህ፣ በልብህ አምነኸኝ ወደ ቁልቁለቱ ሄደህ ከሆነስ?

እንደዚያ ከሆነ አትንገረኝ። በሩ ላይ ቁም፤ ዝም በል።

ቀና ብላ ያላየችልህ፣
እህትህ